ከገደሉ ሥር የተደወለ ስልክ

ደቡብ አፍሪካ፣ ሮዘተንቪል ሰፈር በተከራየሁበት ግቢ ከጎኔ ክፍል የሚኖር ልብስ ሰፊ ነበር፤ የማሊ ሰው፣ ነገዱ ዶጎን። እኔ ጀፕስታውን ጨርቅ እሸጣለሁ፣ እሱ ከእኔ ይገዛል፤ ወዳጅነታችን ከዚያ ጀመረ። ከኮሮና ጥቂት ዓመታት በፊት፣ የአገሩ መንገድ ገና በሰላም በሚያስኬድበት ጊዜ፣ አባቱን ሊጠይቅ ሲሄድ አብሬው ሄድኩ። ሰው ሁለተኛ ሱቅ ሲከፍት እኔ ገደል ለማየት መብረሬን የሰሙ ያገሬ ልጆች ጤንነቴን ተጠራጥረው ነበር።

መንደሩ ረጅም ቀይ ገደል ሥር ተጠግቷል። የጭቃ ጎተራዎቹ የሣር ቆብ ደፍተዋል፣ ታች ሜዳው ላይ ሽንኩርት በቅል ውኃ ይጠጣል። ከጎተራዎቹ በላይ፣ አንገት እስኪያም ካላንጋጠጡ በማይታይ ከፍታ፣ ገደሉ ውስጥ ዋሻዎች አሉ። ሙታናቸውን በገመድ ስበው የሚያወጡት እዚያ ነው። “አያቴ እዚያ ናቸው” አለኝ ወዳጄ በአገጩ እያመለከተ። አቀበቱን ስንጀምር ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ሣሩን አይቶ ገደሉን ያላየው በሬ እኔ ነኝ ስለው፣ “ሣሩስ የታለ?” ብሎ ሳቀብኝ።

ሽማግሌዎች የሚመክሩበት ዳስ ቶጉና ይባላል። ጣሪያው አገዳ የተከመረበት፣ ወፍራምና በጣም ዝቅ ያለ ነው፤ ውስጡ መቀመጥ እንጂ መቆም አይቻልም። አባቱ ጎንበስ ብለው ሲገቡ እኔ እንዳስተዳደጌ “ኖር!” ብዬ ብድግ አልኩና አናቴን ከጣሪያው ግንድ ጋር አላተምኩት። ሽማግሌዎቹ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። አባቱ አናቴን በመዳፋቸው እያሹ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለው ሰው በቁጣ እንዳይነሳ መሆኑን በልጃቸው አስተርጓሚነት ነገሩኝ። በእኛ አገር የሚነሳው ያከበረ ነው አልኳቸው። ይህቺን ወደዷት መሰለኝ፣ እስክንሄድ ድረስ ከአጠገባቸው አላራቁኝም። ስንሰነባበት እጄን ይዘው፣ “ልጄን አደራ” አሉኝ። እኔም በሙሉ አፌ እሺ አልኩ።

ኮሮና መጥቶ ሁሉም ነገር ሲዘጋ ወዳጄ ከእኔ ቁርጥራጭ ጨርቅ ማስክ መስፋት ያዘ። ስልኩ ወድቆ ተሰብሮ ነበር፤ ጠጋኞቹ ሁሉ ስለዘጉ ቤተሰቡ የሚያገኘው በእኔ ስልክ ነው። አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ጋና ሠርቶ እንግሊዝኛ የሚያውቀው ወንድሙ ደወለ።

“አባታችን በጣም ታመዋል። የወንድሜን ድምፅ መስማት ይፈልጋሉ፤ አሁኑኑ አገናኘኝ” አለ።

ወዲያው ነገሩ ገባኝ፤ የገባኝ መሰለኝ ማለት ይሻላል። የእኛ ሰው ሞትን በስልክ አይናገርም። መጀመሪያ ሕመም ይወራል፤ መርዶው በማግስቱ ጠዋት፣ ሐዘንተኛው በልቶና ተኝቶ ካደረ በኋላ፣ በሽማግሌ ይነገራል። የእናቴንም ሞት የሰማሁት እንዲሁ ነው። ታዲያ ይህን ሰው በባዶ ሆዱ፣ ብቻውን የስፌት መኪናው ላይ እንዳቀረቀረ ላርዳው? የመኪናው ድምፅ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል።

“ወጥቷል። ሲመጣ እነግረዋለሁ” አልኩና ስልኬን አጠፋሁ፤ ሌላ ሰው ደውሎ በድንገት እንዳያስደነግጠው ነው። ምሳ ሠርቼ አበላሁት። ራትም አብረን በላን።

“ቡቲ፣ ዛሬ ምን ነክቶሃል? እንደ ሙሽራ ያዝከኝ” አለኝ። ቡቲ እዚህ ወንድሜ ማለት ነው። እኔም እንዴት ያለሁ የደግ ዘር ነኝ እያልኩ በልቤ ኮራሁ። ያ ኩራቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

በማግስቱ ማለዳ የሰዓት እላፊው እንዳበቃ ከቤተ ክርስቲያናችን አንድ ሽማግሌና አንድ ጎረቤት ይዤ መጣሁ። ማስካችንን አድርገን፣ ተራርቀን በሩ ላይ ቆምን።

“ጋሼ፣ እርስዎ ይጀምሩ” አልኳቸው።

“ልጄ፣ በርታ። ጌታ ሰጠ፣ ጌታ ወሰደ። አባትህ ዐርፈዋል” አሉት።

የያዘው ማስክ ከእጁ ወደቀ። “መቼ?” አለ ወደ እኔ ዞሮ።

“ትናንት ጠዋት” አልኩ እንዳየ ሰው።

ስልኬን ከፍቼ ሰጠሁት። ከወንድሙ ጋር በቋንቋቸው ብዙ ተነጋገሩ። አንድም ቃል ባይገባኝም ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ። ጨርሶ ስልኩን በእጄ አስቀመጠልኝ። አልጮኸብኝም፤ ቢጮኽ ይቀለኝ ነበር።

“ትናንት ጠዋት አልሞቱም” አለኝ። “ፀሐይ እስክትጠልቅ ነበሩ። ወንድሜ ስልኩን ጆሯቸው ሥር አድርጎ ሲደውልልህ ዋለ። በየመሃሉ ‘ልጄ ተመለሰ?’ ይሉ ነበር።”

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝና አንገታቸውን ደፉ። ይቅር በለኝ ማለት እንኳ ድፍረት ሆነብኝ።

“ቤት ነበርኩ እኮ” አለ። ቀጥሎም፣ “የት ሄደ ብለህ ነበር የነገርካቸው?” ሲል ጠየቀኝ።

የት እንደሄደ አልተናገርኩም ነበር። ወጥቷል ብቻ ነው ያልኩት።