በበርበሬ ጆንያ ሥር የተቀመጠ ጡረታ

ባለፈው ሳምንት ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ ካሉት ፎቆች በአንዱ ሊፍቱ ተበላሽቶ በደረጃ ስወጣ፣ ጉልበቴ እንደ ድሮው ስላልሆነ የሚያብረቀርቀውን የነሐስ መደገፊያ ጨብጬ ነበር፤ ላይ ደርሼ ላቤን ልጠርግ እጄን ወደ ፊቴ ሳስጠጋ መዳፌ ነሐስ ነሐስ ሸተተኝ፣ ብቻዬን ቆሜ አፈርኩ።

ልጅ ሆኜ ያ ሽታ ብታጠብ ብታጠብ አልለቅ ብሎኝ ነበር። እማዬ ሾላ ገበያ በርበሬ ትሸጥ ነበር። ደሞዝ የሚባል ነገር አታውቅም፣ ጡረታ የሚያወጣላት መሥሪያ ቤትም አልነበራትም፤ ስለዚህ የዓመታት ትርፏን አጠራቅማ አንድ ወፍራም የወርቅ አምባር ገዛችና "ጡረታዬ" ትለው ጀመር። የምታደርገው ለበዓል ብቻ ነው፤ ያን ቀን ታዲያ ነጠላዋን ስታስተካክል ነው የምትውለው፣ እጇ ከትከሻዋ አይወርድም።

ጉዱ የመጣው ደርግ ለጦር ግንባር ወርቅ ማሰባሰብ ሲጀምር ነው። አምባሩን ያላየ የሰፈር ሰው ስለሌለ የለኝም ማለት አይቻልም። የቀበሌው ሊቀመንበር በራችን ላይ ቆሞ፣ "እትዬ አስካለ፣ እሑድ አዳራሽ ውስጥ እርስዎን ነው የምንጠብቀው" ብሏት ሄደ። በማግስቱ ከገበያ አንድ የነሐስ አምባር ይዛ መጣች፣ እኔም ወርቅ እስኪመስል በሎሚና በአመድ እንድፈትገው ተሰጠኝ፤ "ማንም እንዳይሰማ" አለችኝ። ወርቁ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከበርበሬው ጆንያ ሥር ገባ፤ ፈታሽ ቢመጣ ሲያስነጥስ ይውላል እንጂ አያገኘውም።

እሑድ እማዬ ነሐሱን ትሪው ላይ ከሰው ጌጥ መሀል ጣል ስታደርገው አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፣ "አብዮታዊት እናት" ተባለች። ከኋላዋ የተሰለፈችው የግድግዳ ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ ነበረች፤ አውሮፕላን ማረፊያ ጽዳት የምትሠራ፣ አንድ ልጇ የዘመተባት ሴት። የጋብቻ ቀለበቷን በሳሙና አውልቃ ሰጠችና እማዬን አቅፋ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ "እኔና አስካልዬ ያለንን ጨርሰን የሰጠን" እያለች እንደ እህቷ ታያት ጀመር።

እማዬ ግን አምባሩን አተረፈች እንጂ አልተጠቀመችበትም። እንዳታደርገው ለሀገር ሰጥታዋለች፤ እንዳትሸጠው ይህን ገንዘብ ከየት አመጣችው ይባላል። ወገቧን ታማ ገበያውን ስትተው፣ በዚያው ሰሞን ጡረታ የወጣችው እትዬ በላይነሽ በየወሩ ከቀበሌው ሱቅ የምታገኘውን ስኳር ግማሹን በወረቀት ጠቅልላ ታመጣላት ነበር። "እኔስ ጡረታ አለኝ፣ አንቺ ምን አለሽ?" ትላታለች፣ ምንም ክፋት ሳይኖርባት። እማዬ ትቀበላለች። በዚያ ስኳር የጣፈጠ ሻይ ስንጠጣ ሁለታችንም አቀርቅረን ነበር። አንዳንዴ ዛሬስ እነግራታለሁ ብላ፣ ነጠላዋን ለብሳ እስከ በሯ ትሄድና ስለ ስኳሩ አመስግናት ትመለሳለች።

እማዬ የሞተችው ደርግ ሊወድቅ ሲቃረብ ነው። እትዬ በላይነሽ ለራሷ መገነዣ ብላ ሳጥኗ ውስጥ ያስቀመጠችውን አዲስ አቡጀዲ ታቅፋ ገባች። "አስካልዬ ለራሷ ያስቀረችው ነገር የለም። በዚህ ትገነዝ፣ የእኔን እግዜር ያውቃል" አለች። አምባሩ ያን ጊዜ እኔው ጋ፣ ቀሚሴ ውስጥ ነበር፤ ለቀስተኛ ሲበዛ ጆንያውን ያነሱታል ብዬ ፈርቼ አውጥቼዋለሁ። ልናገር አፌን ከፈትኩ። ቤቱ ሞልቷል፣ ሁሉም እኔን ያያል፣ እናቴ ገና ከቤት አልወጣችም። "እግዜር ይስጥልኝ" ብዬ ጨርቁን በሁለት እጄ ተቀበልኩ።

አምባሩ ዛሬም አለ። ልጆቼ የወርቅ ዋጋ ሲሰሙ አያታችን ብልህ ነበረች ይላሉ። እትዬ በላይነሽ ስታርፍ ሌላ ከተማ ነበርኩ፤ በምን ተገንዛ እንደተቀበረች እስከ ዛሬ ማንንም ጠይቄ አላውቅም።