አባባ ያነበበው ግድግዳ

በቀደም ኮዬ ፈጬ ታክሲ ስጠብቅ አንድ ተሳቢ አጠገቤ ቆመና የናፍጣ ሽታው አፍንጫዬን ሲመታው፣ የከባድ መኪና ሾፌር የነበረው አባባ እንደ ድሮው ከጅቡቲ መንገድ የተመለሰ መሰለኝ። ልጆች ሳለን በሩን ሳያንኳኳ ያ ሽታ ቀድሞት ይገባ ነበር፤ እኔና እህቴ ዘይነብም ጨዋታችንን ጥለን ደብተር እንገልጥ ነበር።

ዘይነብ ታላቄ ብትሆንም ስድስተኛን ስለደገመች ሰባተኛ ክፍል አብረን ነበርን። አባባ ወሎዬ ነው፣ ጨዋታውም ቁጣውም ረጅም ነው፤ አሁንም ከወደቀች ከትምህርት ቤት አውጥቶ ቃሊቲ አክስታችን ሱቅ ሊያስገባት ወስኖ ነበር። አንዴ ከተናገረ ደግሞ ወይ ፍንክች።

መስከረም ላይ ርዕሰ መምህሩ አዲስ ደንብ አወጡ፤ በየትኛውም ትምህርት፣ ሒሳብም ስፖርትም ሳይቀር፣ ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሲል ተማሪው የገባውን በራሱ ቃል ይጻፍ ተባለ። እኛ ከሰሌዳ መገልበጥ እንጂ መጻፍ የት እናውቅና! የስፖርት መምህራችን ኳስ አጫውተውን ጻፉ ሲሉን ሜዳው ላይ ሰሌዳ የለም፤ ግማሾቻችን ክፍል ሮጠን የታሪክ ኖታችንን ገልብጠን አስረከብናቸው። እሳቸውም ጎሉን ያገባው ንጉሡ ነው ወይ እያሉ ሳቁብን።

ብርዱ ሲጠና፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ፣ ጎበዝ የተባልኩት እኔ አሁንም እገለብጥ ነበር። ፈተና ላይ «ሀ» ይሁን «ለ» ግራ የሚገባት ዘይነብ ግን ሳይንስ ክፍል አፋር በረሃ ላይ ራዲያተር ሲፈላ ሾፌር ለምን ክዳኑን ቶሎ እንደማይከፍት ጻፈች፤ ሒሳብ ላይም ጭነት በሁለቱም ጎን እኩል ካልሆነ መኪና እንዴት እንደሚያጋድል። መምህራኑ ጽሑፎቿን ግድግዳ ላይ ይለጥፏቸው ጀመር። ቀናሁባት፣ ምን ይደረግ።

ጥር ላይ ውጤት ሲሰጥ ወድቃ ተገኘች፤ ጽሑፉ ነጥብ አይያዝበትም ነበር። አባባ ሊያስወጣት መጣ። ዘይነብ የሻርፗን ጫፍ ነከሰች፣ እኔም ለእሷ ፈራሁ። የክፍል ኃላፊያችን ልመና ውስጥ አልገቡም፣ ግድግዳው ጋ ወስደው አቆሙትና ከማስወጣትዎ በፊት ይህን ያንብቡ አሉት። አባባ በጣቱ እየተከተለ፣ ቀስ እያለ፣ ሁሉንም አነበበ።

«ይሄን እኮ ቤት የማወራው እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «የሚሰማኝ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር።»

ከዚያ ወዲያ የሱቅ ነገር አልተነሳም። ሰኔ ላይ ወድቃ ሰባተኛን ድገሚ ብትባልም ቃል አልወጣውም፤ በዚያ ክረምት ከመንገድ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ የሚያወራው ለእሷ ነበር፣ እሷም እስክሪብቶ ይዛ ከዚያስ፣ ከዚያስ ትለው ነበር።

አሁን አባባ መንዳት ትቶ ከእኔ ጋር ኮንዶሚኒየም ይኖራል። ሰሞኑን ሰባተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ስለ ረጅም ጉዞ እንድትጽፍ ታዝዛ ስልኳን ጻፍልኝ አለችው፤ ስልኩም እንከን የማይወጣለት ሙሉ ገጽ ሰጣት፣ ቁጭ ብላ ገለበጠችው። አነበብኩት፣ ቆንጆ ነው። አባባ እዚያው ሶፋ ላይ፣ አንድም ነገር ሳትጠይቀው፣ ከጎኗ ተቀምጦ ነበር።