ጠበል የተረጨችው ሴንሰር

የእኔ ፒክአፕ ቤንዚን ያለልክ መጠጣት ከጀመረች ሰንብታ ነበር። ዳሽቦርዱ ላይ ደግሞ የሞተር ቅርጽ ያላት ቢጫ መብራት በርታ አልጠፋ አለች። በእኛ በሰቆጣ ሾፌሮች ዘንድ የዚህ መብራት የታወቀ ሕክምናው የቅዱሳን ሥዕል ለጥፎ መሸፈን ነው። እኔም ሥዕሉን ገዝቼ ነበር።

እናቴ አስጣለችኝ። የዓይን ሞራ ከጋረዳት ጀምሮ ታከሚ ስትባል እንቢ ብላ የኖረች ሴት፣ አንድ ቀን ሳንጠይቃት «እሽ፣ ወልድያ ውሰደኝ» አለች። ባስ ያዞራታል፣ ስለዚህ በእኔ መኪና ነው። በዚያ ሰሞን ቤንዚን ከከተማው ጠፍቶ ስለነበር ያለኝ አንድ ጀሪካን ብቻ ነው። መኪናዋ በዚያ አጠጣጧ ተራራ መሀል እንደምታስቀረን ታወቀኝ። መንገድ ላይ ከቀረን ደግሞ እናቴ «ባይፈቀድ ነው» ብላ ትመለሳለች፤ ሁለተኛ አትሞክረውም።

ጎረቤታችን መካኒክ ነው። ቤተሰቡ በሙሉ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ሲሸጥ እሱ ብቻ ዘይት ተቀብቶ የሚውል፣ ሶላቱን የማያጓድል ሙስሊም ነው። ኮምፒውተሩን ሰካና «ኦክስጅን ሴንሰር ናት» አለኝ። ጭሱን እያሸተተች ለሞተሩ ቤንዚን በዛ፣ አነሰ የምትል፣ አውራ ጣት የምታክል ዕቃ ናት። ሁለት አሉ፤ አንዷ ከሞተሩ አጠገብ የጭስ ማውጫው መነሻ ላይ፣ ሌላዋ ከኋላ ወደ ድምፅ ማፈኛው ማርሚታ። ግማሽ ቀን ሙሉ የታገልነው ከኋለኛዋ ጋር ነበር። ጥፋተኛ ሆና ሳይሆን እጅ ስለሚደርስባት ነው። ንጹሕ ሆና ተገኘችና መለስናት።

የፊተኛዋ ዝጋ ከቧንቧው ጋር አንድ ሆናለች። ሞተሩን አሙቀን፣ ዘይት አጠጥተን፣ ቁልፉ ላይ ተንጠልጥለን በመከራ ፈታናት። ገዝቼ ያመጣሁለትን አዲሷን አስገብቶ ሞተሩን ሲያስነሳ ቢጫዋ መብራት ጠፋች። ደስ አለኝ፤ ሰውየውን አቅፌ ልብሴን ዘይት አስነካሁት።

ይኼን ጊዜ እናቴ ጠበሏን በፕላስቲክ ይዛ፣ ግድግዳውን እየዳሰሰች መጣች። «ለመንገዱ ልርጭላት። የታመመችው የቱ ጋ ናት ልጀ?»

አየሁት፣ መካኒኩ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። እኔም እንደ አዋቂ እጇን ይዤ፣ ክፍት በሆነው ኮፈን በኩል በትክክል አዲሷ ሴንሰር ላይ አነጣጠርሁላት። ቸስስ አለ። «ጠበሉ ሰማት» አለች እናቴ፣ በጣም ደስ ብሏት።

ከከተማው ሳንወጣ መብራቷ ተመልሳ በራች። መካኒኩን ደወልሁለት።

«ውስጧ እኮ ሸክላ ነው፤ ግላ ሳለች ውኃ ከነካት ትሰነጠቃለች» አለኝ።

«ታዲያ ለምን ዝም አልህ?»

«እኔ ሙስሊሙ፣ እናትህን ጠበል አይርጩ ልበል? ሰቆጣ ምን ይለኛል?»

ስልኩን ዘጋሁት። «ምን አለህ? መብራቱ ጠፍቷል አይደል?» አለች እናቴ ከጎኔ።

«ጠፍቷል እማየ፣ ጠበሉ ሠራ» አልሁ።

ዳገቱን ጥቁር ጭስ እየተፋን ወጣነው። ሽታው ሲከብዳት የፊት መኪና ነው አልኋት። ቤንዚኑ ሊያልቅ ሲል አንዲት የመንገድ ዳር ባለሱቅ በውኃ ፕላስቲክ የደበቀችውን ለምኜ ቀዳሁ፤ እናቴ እንዳትጠረጥር ሽንት ልሸና ነው ብዬ ነበር የወረድሁት። እየጸለይሁ ወልድያ ገባን።

ዓይኗን ኦፐራሲዮን ተደርጋ ስንመለስ ፋሻው ከተፈታላት ገና አንድ ቀኗ ነበር። ሐኪሞቹ ቀስ በቀስ ይጠራልሻል ስላሏት ምን እንዳየች ልጠይቃት ፈራሁ። ገቢና አስቀምጫት ብዙ መንገድ ሄድን። ከዚያ ወደ ዳሽቦርዱ ጠጋ ብላ ጣቷን ቀሰረች።

«ይች ቢጫ መብራት ጠፍታለች አላልኸኝም? አንተ ውሸታም!»

መኪናዋን ዳር አስያዝሁ። መሪው ላይ ተደፍቼ ሳለቅስ እናቴ ገና እየተቆጣችኝ ነበር።