ለአስካለ የተረጎምኩት ፊልም

ኮርያ ውስጥ ያለ ኮረብታ ነው። አሜሪካኖቹ ቁጥር ሰጡት እንጂ ስሙን የነገረን የለም። ገመቹ ሲያየው ሳቀ። የእንጦጦ ልጅ ነው፤ አባቱ ከየካ በላይ ገብስ ያርሳሉ። «ይቺን እኛ አገር ፍየል እንኳ ኮረብታ አትላትም» አለን። ንጋት ላይ ውጡ ተባልን፤ ወጣን።

መትረየሱ ከግራ ያዘን። ተኛን። የመቶ አለቃው «ተነሥ! ወደፊት!» አለ። ተነሣን። ምሽጉን ያዝን። ረፋድ ላይ ሞርታሩ በረታብንና ልቀቁ የሚል ትእዛዝ በሬዲዮ መጣ። ሬዲዮውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ ያቺን እንግሊዝኛዬንም የለቃቀምኳት እዚያው ነው። ገመቹ ሆዱን ተመትቶ ወድቋል። ጓደኛችን ታደሰ አዘለው። ቁልቁለቱን ሙሉ «አይዞህ፣ ደረስን» እያለ ሲያናግረው እሰማ ነበር። ታች ስናወርደው ገመቹ ከሞተ ቆይቷል። ታደሰ የራሱን ሸሚዝ አውልቆ ደሙን አየ። «ላቤ መስሎኝ ነበር እኮ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ቀን አንድ ቃል አልወጣውም።

አገራችን ገባን። ሰልፍ፣ ሜዳይ፣ ጭብጨባ። ታደሰ ሾላ አካባቢ ቤት ተከራይቶ አስካለን አገባ። ጥቂት ዓመት ቆይታ አስካለ ጓዟን ይዛ ኮተቤ አባቷ ቤት ገባች። ሽማግሌ ሆኜ ብሄድ አንገቷን ደፍታ፣ «ጋሼ በላቸው፣ ተኝቶ ሳለ ጀርባውን ከነካሁት ተስፈንጥሮ ይገፈትረኛል። ምን አድርጌው ነው? ከተጸየፈኝ ይንገረኝና ይውጣልኝ» አለችኝ።

ምክንያቱ አልጠፋኝም። ታደሰን «ንገራት እንጂ አንተ ሰው!» ብለው «ይሄ ለሴት ይወራል?» አለኝ። ከሱ በቅሎ ይሻላል!

በዚያ ሰሞን ፒያሳ አንድ ፊልም መጣ። ከጦርነት ተመልሶ ቤቱ አልዋጥለት ስላለ ወታደር ነው። አየሁትና ብልሃት የመጣልኝ መሰለኝ። ሁለቱንም በስንት ልመና ወሰድኳቸው። መሃላቸው ተቀምጬ በሹክሹክታ እተረጉማለሁ፤ አስካለ ለፈረንጁ ታለቅሳለች።

ፈረንጁ ሚስቱ ፊት ተንበርክኮ መናገር ጀመረ። ምን እንዳላት ዛሬ አላስታውሰውም። እኔ ግን «ጓደኛዬን አዝዬ ስወርድ ጀርባዬ ላይ ሞተብኝ ይላታል» አልኳት። «ደሙ ላቤ መስሎኝ ነበር ይላታል። ጀርባዬን ሰው ሲነካኝ እሱ ይመስለኛል፤ አንቺን ጠልቼ አይደለም ይላታል።»

አስካለ ማልቀሷን አቆመች። እኔን አልፋ ታደሰን አየችው። ታደሰ ተነሥቶ ወጣ፤ ተከተልነው።

በሩ ላይ ኮሌታዬን ጨምድዶ ያዘኝ። «የገመቹን ሞት ለፈረንጅ ሰጠኸው?» አለኝ። አስካለ መሃላችን ገባች።

«እውነት ነው?» አለችው።

ኮሌታዬን ለቀቀው።

«ታደሰ፣ በማርያም ይዤሃለሁ! በራስህ አፍ ንገረኝና ዛሬውኑ ቤቴ እገባለሁ።»

ታደሰ አስፋልቱን ያያል። ጠበቀችው፤ ብዙ ጠበቀችው። በኋላ ወደኔ ዞራ፣ «ፈረንጁ እንኳ ለሚስቱ ተናገረ፤ የኔው ግን ለርስዎ» አለችና ነጠላዋን ሰብስባ ሄደች።

በሳምንቱ ኮተቤ ተሰበሰብን። አስካለ በሩ አጠገብ ቆማለች። ትልቁ ሽማግሌ ታደሰን «ልጄ፣ የምትናገረው አለህ?» አሉት። ዓይኗ አፉ ላይ ነበር፤ ሁላችንም አይተናል።

«የለኝም» አለ።

ጋብቻው ፈረሰ።

በዚያ ኮረብታ ላይ ከመቶአችን ስድስት ሰው ሞተ። አንዱንም ለጠላት አልተውንም፤ ስድስቱንም ተሸክመን አውርደናል። ይህን ለወጣቶች ስናገር ያጨበጭባሉ። እውነት ነው፣ ይጨብጨብ። ታደሰን ግን በገዛ አገሩ፣ ኮተቤ፣ በርጩማ ላይ እንደተቀመጠ ትተነው ወጣን።