ዜግነት የቀየረው ሸክላ

በ2011 ዓ.ም. ደባርቅ ከተማ ውስጥ ሳክስፎን የሚነፋ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ አለምነህ ይባላል። ዕድሜው ስልሳ አንድ፣ ጡረታ የወጣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ። ሳክስፎኑን በ1983 ግርግር ከአውራጃው መጋዘን «አድኖታል»፤ በዚያ ሰሞን ያልዳነ ንብረት አልነበረም። አለምነህ በጠባዩ ውሸታም አይደለም። የሚዋሸው አንድ ውሸት ብቻ ነው፤ አንድ ብቻ ስለሆነ ግን እንደ አንድያ ልጁ አሞላቅቆ አሳድጎታል።

ውሸቱ ስለ አንድ ዜማ ነው። አለምነህ በአንቺ ሆዬ ቅኝት የሚነፋው አንድ አወራረድ አለ፤ ከላይ ተንደርድሮ ይመጣና ከማረፊያው ሊደርስ ሲል ጉሮሮ ላይ እንደ ተያዘ ለቅሶ ቆም ይላል። የሰማ ሁሉ «ይህን ከማን ተማርከው?» ይላል። በ1974 በሰሜን አውራጃ ኪነት ቡድን ሳለ መልሱ «ጎንደር ያገኘሁት አንድ ኩባዊ ሐኪም ሸክላ ሰጥቶኝ» የሚል ነበር። ጊዜው የወንድማማች ሕዝቦች ጊዜ ነዋ! ደርግ ሲወድቅ ኩባዊውም አብሮ ወደቀና በማግስቱ አሜሪካዊ ሆኖ ተነሣ። ሰፊው ሕዝብ ለአንዲት መታወቂያ ቀበሌ ደጅ ሲጠና፣ የአለምነህ ሐኪም ጉርድ ፎቶ እንኳ ሳያቀርብ ዜግነት ቀየረ።

ሐኪም የሚባል አልነበረም። ሸክላም አልነበረም። የነበረው ገዱ ነው፤ የዳባቱ አዝማሪ፣ የአለምነህ አባት።

ይህ አገር በአዝማሪ ማሲንቆ ልጁን ይድራል፤ ለአዝማሪ ልጅ ግን ልጁን አይድርም። አለምነህ ይህን ያወቀው ገና ተማሪ ሳለ ነው። ስለዚህ የኪነት ቡድኑን ፎርም ሲሞላ፣ የአባት ስም በሚለው ቦታ የእናቱን አባት፣ የባለ ርስቱን የዘመነን ስም ጻፈ። ልብ በሉ፤ ርስተኛን በየስብሰባው የሚያወግዝ ቡድን ውስጥ በርስተኛ ስም ገባ። ፊውዳል መሆን አላሳፈረውም፤ ያሳፈረው የአዝማሪ ልጅ መሆን ነው።

ቡድኑ አንድ ቀን ዳባት ገበያ ላይ ትርኢት አሳየ። ካድሬው ወንበር ላይ፣ ሕዝቡ መሬት ላይ። አለምነህ ያንን አወራረድ ሲነፋ ከሕዝቡ መካከል አንድ ሽማግሌ ማሲንቆውን ይዞ ተነሣና «ተቀበል ልጄ!» አለ።

በአዝማሪ ወግ ግጥም ሰጪው አድማጩ ነው። አዝማሪ የተሰጠውን ተቀብሎ ያዜማል፤ የራሱ ስድብ ቢሆንም ያዜማል። አልቀበልም የሚባል ነገር የለም። ሽማግሌው ሰጠ፦

«በፈረስ ጭራ ነው ያሳደገህ ገዱ፣
ነሐስ ቢያብለጨልጭ አይፋቅም መውለዱ።»

አለምነህ ሳክስፎኑን ከአፉ አላወጣም። ይልቁንም አጥብቆ ነፋ።

«ማነው ይሄ ሽማግሌ?» አለ ካድሬው።

አለምነህ ያን ጊዜ ብቻ ከአፉ አወጣው። «አላውቀውም፣ ጓድ። የድሮው ሥርዓት ርዝራዥ ይሆናል።»

ቅዱስ ጴጥሮስ እንኳ ሲክድ ዶሮ ጮኾለታል። ለአለምነህ የጮኸለት የራሱ ሳክስፎን ነው። ማሲንቆው ከገዱ እጅ ተነጥቆ ቀበሌ መጋዘን ገባ፤ ቆዳውን አይጥ በላው። ገዱ በሦስተኛው ዓመት ሞተ። አለምነህም ለቀብሩ ሄዶ ከጎረቤት ጋር ቆሞ፣ እንደ ጎረቤት አለቀሰ።

ዓለም ግን ተገለበጠ። ኢትዮ ጃዝ ባሕር ማዶ ስም አወጣ። ስልቱ ሲጀመር የጦር ሠራዊቱና የፖሊሱ ባንዶች ከውጭ የመጣ ነሐስ ታጥቀው ነበር፤ ውጭ ተምረው የመጡትም ጃዙን አመጡ፤ የኛ ቅኝት ግን ከሥር ገብቶ ያን ሁሉ ነሐስ አማርኛ አስተማረው። ቅኝቱን ያቆየው ማን ነው ቢሉ፣ ጠጅ ቤት ጥግ የሚቀመጠው፣ የፈረስ ጭራ የወጠረው ባለ ማሲንቆ ነው። ዛሬ ፈረንጅ ሥሩን ፍለጋ እስከ ሰሜን ተራሮች ይመጣል። ሥሩም ደባርቅ ቁጭ ብሎ «እኔ አሜሪካዊ ነኝ» ይለዋል።

ጥበብ የሚባል ኪቦርድ ተጫዋች ወጣት፣ በአንድ ሆቴል ግቢ የእሑድ ከሰዓት ዝግጅት አሰናዳ። ማስታወቂያውን እስከ ዳባት ድረስ ለጠፈው፦ «አለምነህ ዘመነ፤ የአሜሪካን ጃዝ ወደ ሰሜን ያመጣ አንጋፋ»።

«ጋሼ፣ የሐኪሙን ታሪክ ለእንግዶቹ ይነግሩልናል አይደል?»

«እሱማ... ቆየ እኮ፣ ጥበብ።»

«ኧረ ጋሼ! የወጡ ጨው እሱ አይደል?»

አለምነህ መድረክ ላይ ሲወጣ ግቢው ሞልቷል። ከፊት፣ የተራራ ጫማ ካደረጉት ፈረንጆች መካከል፣ ጉልበቷ ላይ የነጭ ሽንኩርት ፌስታል ያስቀመጠች ሴት ተቀምጣለች። ታላቅ እኅቱ በለጠች ናት። ማንበብ አትችልም፤ ማስታወቂያውን ሽንኩርት የገዛት ተማሪ አነበበላት፤ በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍራ መጣች።

ያ አወራረድ ጉሮሮው ላይ ሲደርስ በለጠች ተነሥታ አጨበጨበች። «ተቀበል!» አለች። የአባቷን ግጥም ቃል ሳታጎድል ሰጠችው።

አለምነህ መንፋቱን ቀጠለ። ነሐስ ቃል የለውም፤ ሠላሳ ሰባት ዓመት የተሸሸገው እዚያ ቃል የሌለበት ጥግ ነው።

«ከአፍህ አውጣው እንጂ፣ አለም! ጡጦ ነው እንዴ?»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። አወጣው። ማይኩን ይዞ አዜመ፤ የገዱ ስም ላይ ሲደርስ ግን ስሙን በሳል ሸፈነው።

«ዋጥከው! ድገመው!»

ደገመው፤ ሁለቱንም ስንኝ፣ ስሙንም ጭምር። ሕዝቡ አፏጨ፣ ፈረንጆቹ በስልካቸው ቀረጹ። ጥበብማ ደስታውን አልቻለም። «ጋሼ፣ ይሄን ቀልድ እስከ ዛሬ የት ደበቁት? ግን ገዱ ማነው?»

የካድሬው ጥያቄ ነው፤ ያው ጥያቄ። ጭብጨባው ምሕረት መስሎ ተዘርግቶለታል፤ ዝም ቢል ቀልድ ሆኖ ያልፋል። በለጠች አላጨበጨበችም።

«አባቴ ነው» አለ አለምነህ። «አዝማሪ ነበር። ሐኪምም ሸክላም የለም። ዜማው የሱ ነው። ዳባት ገበያ ላይ አላውቀውም አልኩ።»

«ኧረ አዝማሪ ኖሯል!» አለ አንዱ ከኋላ። ዕድሜ ልኩን የሸሸው ቃል መጣና ዝንብ ያህል እንኳ አልነከሰውም። ሳክስፎኑን ወንበር ላይ ትቶ እኅቱን ተከትሎ ወጣ፤ ቀና ብሎ ሊያያት ግን አልቻለም።

መናኸሪያው በር ላይ ፌስታሉን ተቀበላትና «እትዬ፣ አባባ ስለዚያ ቀን ምን ይል ነበር?» አላት።

«ምን ይላል? ስንናደድብህ ይቆጣን ነበር። 'ነሐሱ እየጮኸበት ልጄ አልሰማኝም' እንዳለ ሞተ።»

ረዳቱ «ዳባት፣ ዳባት!» ይላል። አለምነህ ሽንኩርቱን እንደታቀፈ ቆሞ ቀረ። ሰምቶት ነበር፤ ቃል በቃል።