የቀሯት ሦስት ክሬዲቶች

ኢፍቱ ሸኩር በቾ ቦሬ ሰፈር በተከራየቻት ክፍል ጣሪያ ላይ አንዲት የሚስማር ቀዳዳ ነበረች። ጠዋት ጠዋት በዚያች ቀዳዳ የምትወርደው ፀሐይ ግድግዳው ላይ ሳንቲም አክላ ትቀመጣለች፤ ከዚያም ቀስ እያለች ትሄዳለች። ኢፍቱም ሻይዋ እስኪበርድ ድረስ በዓይኗ ትከተላታለች።

በዩኒቨርሲቲ አምስተኛ ዓመቷ፣ መካኒካል ምህንድስናን ለመጨረስ አንድ የፊዚክስ ምርጫ ኮርስ ሲቀራት፣ የአማካሪዋን ፊርማ ሳትጠብቅ ለብርሃን ፊዚክስ ተመዘገበች። መንፈቁ እንደ ደግ ሕልም አለፈ፤ ውጤቷም ኤ ሆነ።

ጥር ላይ አማካሪዋ መምህርት ሙሉእመቤት አስጠሯት።

«በእናንተ ትምህርት ክፍል ዝርዝር ውስጥ ያለው የሙቀት ፊዚክስ ነው። ብርሃን ለምርቃት አይቆጠርልሽም።»

«ሁለቱም ሦስት ሦስት ክሬዲት አይደሉም እንዴ፣ መምህር?»

«ሦስት ኪሎ ዱቄትና ሦስት ኪሎ ጨው ሚዛን ላይ እኩል ናቸው፣ ልጄ። እስቲ ከጨዉ ገንፎ አገንፊልኝ!»

ምዝገባው ሰኞ ይዘጋል። ሙቀትን ካልያዘች ምርቃቷ ለከርሞ ነው፤ ይዛ ከወደቀችም ያው ለከርሞ ነው። ኢፍቱ ደግሞ ሙቀትን ትፈራዋለች። ብርሃንን ቢያንስ ታየዋለች።

ቅዳሜ ሸቤ፣ አባቷ ቤት ሄደች። ለተመራቂዎች መጽሔት ብላ ጥቁር ጋዋን ለብሳ አስቀድማ የተነሣችው ፎቶ ሳሎን ተሰቅሏል። አባቷ አቶ ሸኩር «ኢንጂነሯ» እያሉ ለጎረቤቱ ሁሉ አሳይተው ጨርሰዋል። ዓይኗን ከፎቶው አሽሽታ ወደ ጓሮ ወጣች።

አባቷ የታጠበው ቡና ከተሰጣበት የእንጨት አልጋ አጠገብ ነበሩ። የሆነውንና ሙቀትን መፍራቷን ነገረቻቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ሸራውን እየሳቡ «ያዢልኝ» አሉ። እኩለ ቀን ነበር።

«አሁን ለምንድን ነው የምንሸፍነው?» ሲሉ ጠየቋት።

«ፀሐዩ ሲበረታ ገለፈቱ ይሰነጠቃል።»

«ማታስ?»

«ጤዛውን መልሶ ይጠጣል።»

«ስንት ቀን ይቀረዋል?»

አንድ ፍሬ አንሥታ በጥርሷ ነከሰች። «ሦስት። ደመና ከሆነ አምስት።»

አቶ ሸኩር ሳቁ። «ወላሂ፣ ኢንተለ ኮ፣ ልጄ! ከሰባት ዓመትሽ ጀምሮ ስትሠሪበት የኖርሽውን ነገር ነው የምትፈሪው? አታፍሪም?»

«አባ፣ ቀመር አለበት እኮ።»

«ቀመሩን አስተማሪው ይንገርሽ። እኔ የማውቀውን ነግሬሻለሁ።»

ከሰዓት በኋላውን አልጋው ጥላ ሥር ጋደም ብላ አሳለፈችው። ከበላይዋ ቡናው በዝግታ ይደርቃል። ከየፍሬው የሚወጣው ውኃ ወዴት እንደሚሄድ ስታስብ ሐሳብና እንቅልፍ ተቀላቀሉባት፤ ያ የማይታየው ነገር ፊቷን ዳሰስ አድርጎ ሲያልፍ ተሰማት።

ሰኞ ለሙቀት ፊዚክስ ተመዘገበች። ቀላል አልሆነላትም፤ የመጀመሪያውን ፈተና ወደቀች፤ ሁለተኛውን በጭንቅ አለፈች። ሰኔ ላይ ውጤቱ እንደተለጠፈ ሸቤ ደወለች።

«አባ፣ ሲ አገኘሁ።»

«ሲ ምንድን ነው?»

«አልፌያለሁ፣ አባ። እመረቃለሁ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ አቶ ሸኩር ትንፋሻቸውን ለቀው። «ታዲያ ሲ እያልሽ ለምን ታስደነግጪኛለሽ?»