ያልተቀመሰው የፈረንጅ ኮሶ

በኛ አገር ጠላ የሚቀዳ ሰው አስቀድሞ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። መርዝ የለበትም ማለት ነው። ልጄን ክርስትና ላነሳት ለአበልጄ ግን አልቀምስም ነበር። ልጅቱ በተጠመቀች ሰሞን ብቀምስለት፣ “በአበልጅ መካከል ምን መቃመስ አለ?” ብሎ ተቆጣኝ። ከዚያ ወዲህ ተውኩት።

ጣልያን መሐል ሜዳ ከተማ ሲሰፍር አበልጄ አስተርጓሚ ሆኖ ገባ። ባሌ ከአርበኞቹ ጋር ቆላ ወርዷል። የት እንዳለ ከቤታችን ውጭ የሚያውቀው አበልጄ ብቻ ነበር። ምስጢራችንን ጠበቀልን እያልኩ በጸሎቴ ሁሉ አነሳው ነበር።

ልጄ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። የኮሶ ቀን ሲደርስ ምሬቱን ፈርታ ታለቅሳለች። አበልጄ ይህን ያውቃልና አንድ ጧት ትንሽ ጠርሙስ ይዞ መጣ። ውስጡ ያለው ውኃ ይመስላል፤ ሽታው ጣፈጥ ይላል።

“አበልጅ፣ ልጄን ከዚያ መራራ ገላገልኳት። የፈረንጅ ኮሶ ነው።”

“እርስዎ ጠጥተውታል?” አልኩት።

“አይ አንቺ! ሳልጠጣው አመጣላታለሁ?” ብሎ ሳቀ።

አዎን ጠጥቻለሁ አላለም። ያን ያስተዋልኩት ኋላ ነው። ይቅመሱልኝ እንዳልል አፈርኩ።

በባዶ ሆዷ ጠጣችው። ቀትር ላይ እንደ ኮሶው ወግ ትሉን ጠርጎ ያውርደው ብዬ ጠላ ሰጠኋት። አንድ ዋንጫ፣ ደግሞ ሌላ። በገዛ እጄ። ያ ነገር ከጠላ ጋር እንደሚብስ የሰማሁት ኋላ ነው።

ያን ቀን ራሷን አዞራት፣ አስመለሳት። ኮሶም ያስመልሳል ብዬ አልደነገጥኩም። በሦስተኛው ቀን ዓይኗ ቢጫ ሆነ፤ ሽንቷ ጠቆረ። ቀኝ ጎኗን ከጎድኗ ሥር ይዛ “እዚህ፣ እማዬ፣ እዚህ” ትላለች። ጎረቤቶቼ “የወፍ በሽታ ነው፤ የሌሊት ወፍ አልፋባት ነው” አሉኝ። እውነት መሰለኝ። አበልጄ የጣልያን ሐኪም ያመጣልኛል ብዬ ወደ ቤቱ ሮጥኩ።

እሱ የለም። ሚስቱ ደጅ ላይ ኮሶ ትወቅጣለች።

“ለማን ነው?”

“ለሱ ነዋ! ትሉ አላስቀምጥ ብሎታል።”

“የፈረንጁስ?”

“የበጎቹን መድኃኒት ማለትሽ ነው?” ብላ ሳቀች። “እሱን ደግሞ ሰው ይጠጣዋል እንዴ! ጣልያኖቹ ለበግ ጉበት ትል ነው የሚሰጡት። ባለፈው ወር አንዷ በግ ጠጥታ ሞተች፤ ሲከፍቷት ጉበቷ ቢጫ ሆኖ በጣት ሲነኩት ይፈርሳል አሉ። እሱ ነው አይቶ የነገረኝ። ለሰውም ይሆናል ቢሉት፣ አልጠጣውም፣ መጀመሪያ በሌላ ሰው ልየው አለ።”

ያ ሌላ ሰው ልጄ ናት። ለሚስቱ አልነገርኳትም። ወደ ልጄ ሮጬ ተመለስኩ።

ልጄ ብዙ ሳምንት ተኛች። የገብስ አጥሚት በጥቂት በጥቂቱ እየሰጠሁ፣ ጎኗን በነካች ቁጥር ያቺ በግ እየታየችኝ ከረምኩ። ማርያም ማረቻት፤ መቀመጥ ጀመረች።

ይህን ጊዜ አበልጄ መጣ። “ልጄ እንዴት ከረመች?” አለ። እኔም “እግዜር ይመስገን” አልኩ። ምን ልበል? የባሌ ራስ በምላሱ ላይ ነው። ጠላ ቀድቼ ሰጠሁት። ዋንጫውን ይዞ አየው፤ እኔን አየኝ።

“እስቲ ቅመሺው፣ አበልጅ” አለኝ።

በነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድም ቀን ያላለውን። የፈረንጁን መጠየቄን ሚስቱ ነግራው፣ የሠራውን ማወቄን እንዳወቀ ያኔ ገባኝ። መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀመስኩለት። ጠጣ።

ልጄ ከመደቡ ቀስ ብላ ወረደችና ጉልበቱን ሳመች። ያመጣላት ከመራራ ሊያሳርፋት መስሏታልና ትወደዋለች። ቀና ብላ ስታየው ከዓይኗ ጥግ ያልለቀቀው ቢጫ ይታያል። እሱ ወደ ዋንጫው አቀረቀረ።

“ድገሚኝ” አለ።

ቀዳሁለት። መጀመሪያም ቀመስኩለት።